ሰርቨር ከተተከለ በኋላ ስለሚቀረው ሥራ



በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደ አንድ ነገር አለ። አዲስ ፕሮግራም በመጣ ጊዜ ባለሙያው ይተክለዋል፤ የመግቢያው ገጽ በኮምፒዩተሩ ላይ ይታያል፤ ከዚያም የርክክብ ወረቀት ይቀርብና ኀላፊው ይፈርማል። ወረቀቱ በዶሴው ውስጥ ከገባ ወዲያ ሥራው እንደ ተፈጸመ ይቈጠራል። ነገር ግን በጃቫ ቋንቋ የተጻፉትን ታላላቅ ፕሮግራሞች የሚያስተናግደው፥ በባለሙያዎች አነጋገር «አፕሊኬሽን ሰርቨር» የተባለው ክፍል፥ የመግቢያው ገጽ በታየ ጊዜ ሥራው ገና ተጀመረ እንጂ አላለቀም። ከተከላው በኋላ አንድ በአንድ ሊታዩና ሊስተካከሉ የሚገባቸው ነገሮች አሉ፤ እነርሱ ሳይስተካከሉ መፈረም መዝጊያ ያልተገጠመለትን ቤት እንደ መረከብ ነው።

የዛሬው ንግግራችን የተዘጋጀው ለባለሙያው አይደለም፤ ባለሙያው የራሱ መጻሕፍት አሉት። የተዘጋጀው በወረቀቱ ላይ ለሚፈርመው የመንግሥት ሠራተኛ ነው።

ነገሩን በሩቅ አገር ምሳሌ ከማስረዳት በቅርብ የምናውቀውን መውሰድ ይሻላል። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ የዲጋ ወረዳ ይገኛል፤ መንገዱም እየወረደ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ይዘልቃል። በቆላው በኩል ወባ የታወቀ ጠላት ነው። በአንድ ቀበሌ ጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በወሩ ውስጥ ስንት ሰው በወባ እንደ ታመመ፥ ስንት ሕፃን እንደ ተከተበ፥ ስንት ነፍሰ ጡር እንደ ተመረመረች በመዝገብ ትጽፋለች። ያ ቍጥር ወደ ጤና ጣቢያው፥ ከዚያም ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፥ በነቀምቴ ወዳለው የምሥራቅ ወለጋ ዞን፥ ወደ ክልሉ ጤና ቢሮ፥ በመጨረሻም ወደ ጤና ሚኒስቴር ይደርሳል። የመድኀኒትና የአጎበር ድልድል በሚታቀድበት ጊዜ የሚታየው ይኸው ቍጥር ነው። በመንገድ ላይ የጠፋ ቍጥር ያልታመመ ሰው ሆኖ ይቈጠራል።

ጤና ሚኒስቴር ይህን የቍጥር ጉዞ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚያካሂደው «ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2» በተባለ ፕሮግራም ነው። የፕሮግራሙ ሐሳብ የተፀነሰው ከ1994 እ.ኤ.አ. ለውጥ በኋላ በደቡብ አፍሪካ ነው፤ ዛሬ ሥራውን የሚመራው በኖርዌይ አገር የሚገኘው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ከ70 በላይ በሆኑ አገሮች ይሠራበታል። ፕሮግራሙ የተጻፈው በጃቫ ስለ ሆነ ብቻውን አይቆምም፤ የሚያስተናግደው ሰርቨር ያስፈልገዋል። ያም ሰርቨር ብዙውን ጊዜ ቶምካት ይባላል። ቶምካት በእንግሊዝኛ ወንድ ድመት ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ደራሲው ስሙን የመረጠው ድመት ራሱን ችሎ የሚኖር እንስሳ ነው ብሎ እንደ ሆነ ይነገራል። ደራሲው የሰጠው ተስፋ መልካም ነው፤ ያለ ጠባቂ የተተወ ቶምካት ግን ከርሞ ምን እንደሚሆን ወደ ፊት እናያለን።

ከቶምካት የሚበልጡ ወንድሞቹም አሉ፤ የኦራክል ኩባንያ ዌብሎጂክ፥ የአይ.ቢ.ኤም. ዌብስፊር፥ ቀድሞ ጄቦስ ይባል የነበረውና በኋላ ስሙን የለወጠው ዋይልድፍላይ። እነዚህ ለባንክና ለታላላቅ ድርጅቶች የተሠሩ ስለ ሆኑ ብዙ ተጨማሪ ክፍሎች አሏቸው። ከተከላ በኋላ የሚጠይቁት ጥንቃቄ ግን በዓይነቱ አንድ ነው።

የሰርቨሩን ሥራ ለመረዳት የመዝገብ ቤትን ሥራ ማሰብ ይበቃል። ባለጉዳዩ በመስኮቱ በኩል ይጠይቃል፤ ጸሓፊው ማንነቱንና መብቱን ያጣራል፤ ወደ መደርደሪያው ሄዶ ዶሴውን ያወጣል፤ በጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ይሠራበታል፤ መልሱንም በመስኮቱ ይሰጣል። እዚህ ላይ ባለጉዳዩ በዲጋ ወረዳ ኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠው ሠራተኛ ነው፤ መደርደሪያው ዳታቤዙ ነው፤ በመካከል ሆኖ ሁለቱን የሚያገናኘው አፕሊኬሽን ሰርቨሩ ነው። እንግዲህ አንድ ነጋዴ የመዝገብ ቤት ዕቃ ለመላው ዓለም በአንድ ልክ ሠርቶ ቢሸጥ፥ የጸሓፊዎቹን ብዛት፥ የጠረጴዛውን ስፋት፥ የቍልፉን ዓይነትና የግድግዳውን ሰዓት ሁሉ በግምት ወስኖ ይልክልናል። ሰርቨሩም ከአምራቹ ይዞት የሚመጣው ልክ እንዲህ ያለ ግምት ነው። ለሁሉ ይሆን ዘንድ ስለ ተሰፋ ለማንም በትክክል አይሆንም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ቍልፉ ነው። «ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2» አዲስ በተተከለ ጊዜ አንድ የበላይ ተጠቃሚ ይኖረዋል፤ ስሙ «አድሚን»፥ የይለፍ ቃሉም «ዲስትሪክት» ነው፤ ይኸውም ወረዳ ማለት ነው። ይህ ምስጢር አይደለም፤ በማስተማሪያ ጽሑፎች ውስጥ ታትሞ በዓለም ሁሉ ይነበባል። ስለዚህ በተከላው ዕለት ካልተለወጠ የወረዳው መዝገብ ለማንም አላፊ አግዳሚ ክፍት ነው ማለት ነው። ለውጡም በተገቢው መንገድ ሊሆን ይገባል፤ ይህን ንግግር ያዘጋጀው ሰው በአንድ መሥሪያ ቤት የተለወጠው የይለፍ ቃል በትንሽ ወረቀት ተጽፎ በኮምፒዩተሩ ግንባር ላይ ተለጥፎ አይቷል።

ሁለተኛም ቍልፍ አለ። ሰርቨሩ ወደ ዳታቤዙ የሚገባበት ስምና የይለፍ ቃል በአንድ የማስተካከያ ፋይል ውስጥ በግልጽ ይጻፋል። ይህን ፋይል ሰርቨሩን ከሚያንቀሳቅሰው ተጠቃሚ በቀር ሌላ ማንም እንዳያነበው ሆኖ ፈቃዱ መወሰን አለበት። ሰርቨሩ ራሱም በኮምፒዩተሩ የበላይ አዛዥ ስም ሳይሆን ለእርሱ ብቻ በተከፈተ ዝቅተኛ ስም መሥራት አለበት፤ ሌባ አንድ ቀን ቢገባበት እንኳ የሚይዘው የአንድ ጸሓፊ ሥልጣን እንጂ የመሥሪያ ቤቱን ሁሉ እንዳይሆን።

በዚያው ፋይል ውስጥ የሚጻፍ ሦስተኛ ቃልም አለ፤ ምስጢራዊ የሆኑት መረጃዎች በዳታቤዙ ውስጥ በሰወራ የሚቀመጡበት ነው። ርዝመቱ ከ24 ፊደል እንዳያንስ ፕሮግራሙ ራሱ ያዝዛል። ይህ ቃል ከጠፋ በእርሱ የተሰወረውን መልሶ የሚያነብ የለም። ባለሙያው ሥራ ለቆ በሄደ ጊዜ ቃሉም አብሮት እንዳይሄድ፥ በታሸገ ፖስታ ሆኖ በካዝና መቀመጥ ይገባዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321/2016 የሰውን የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ ስለሚቈጥረው፥ ይህ ሁሉ የባለሙያው ምርጫ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ከቍልፉ ቀጥሎ በሩ ይመጣል። ቶምካት የሚያዳምጥበት በር በቍጥር 8080 ይባላል። ለብዙ ዓመታት ግን 8009 የተባለ ሁለተኛ በር ከፍቶ ይመጣ ነበር፤ ይህም ከሌላ ሰርቨር ጋራ ለመነጋገር የተሠራ ሲሆን ብዙዎቹ ተካዮች አልተጠቀሙበትም፥ አንዳንዶቹም መኖሩን አላወቁም። በየካቲት ወር 2012 ዓ.ም. በዚህ በር በኩል የሚመጣ ሰው ሰርቨሩ የሚያስተናግደውን ፕሮግራም የማስተካከያ ፋይሎች ሳይቀር ለማንበብ እንደሚችል ታወቀ፤ ጕድለቱም «ጎስትካት» ተባለ። ከዚያ በኋላ የወጡት እትሞች በሩን ዘግተው ይመጣሉ፤ በአሮጌው እትም የሚሠራ መሥሪያ ቤት ግን በእጁ ካልዘጋው ማንም አይዘጋለትም። ለማስተማሪያ ተብለው አብረው የሚመጡት የናሙና ገጾችና ከሩቅ ሆኖ ሰርቨሩን ማዘዣ ገጹ የማያስፈልጉ ከሆነ ይወገዱ። 8080ም ቢሆን ለውጭ ሰው በቀጥታ መታየት የለበትም፤ ከፊቱ እንደ ዘበኛ የሚቆም ሌላ ሰርቨር ተደርጎ፥ መልእክቱ ሁሉ በምስጠራ በ443 በር እንዲያልፍ ይደረጋል። ለምስጠራው የሚሰጠው የምስክር ወረቀት የሚያበቃበት ቀን ስላለው ቀኑ በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ይጻፍ፤ እንደ መንጃ ፈቃድ ነው።

አሁን ወደ ጸሓፊዎቹና ወደ ጠረጴዛው እንምጣ፤ ብዙ መሥሪያ ቤት የሚቸገረው በዚህ ነውና። ቶምካት ከአምራቹ ሲመጣ በአንድ ጊዜ እስከ 200 ባለጉዳይ ለማስተናገድ የተዘጋጀ ነው፤ 200 ጸሓፊዎች አሉት እንበል። «ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2» ደግሞ ወደ ዳታቤዙ የሚገቡበትን ቍልፍ በ80 ይወስነዋል። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ በበኩሉ በድምሩ ከ100 በላይ ሰው አላስገባም ብሎ ይመጣል። ወሩ አጋማሽ ላይ 10 ሰው በሚሠራበት ቀን እነዚህ ቍጥሮች አይታወቁም። የወሩ ሪፖርት ማስገቢያ በደረሰ ጊዜ ግን ወረዳው ሁሉ በአንድ ቀን ይመጣል፤ ጸሓፊዎቹ መስኮቱ ላይ ናቸው፥ ቍልፍ ያገኙት ግን 80 ብቻ ስለ ሆኑ የቀሩት በመደርደሪያው ደጅ ይሰለፋሉ። በዲጋ የተቀመጠው ሠራተኛ የሚያየው የሚሽከረከር ምልክት ብቻ ነው፤ ኔትወርኩን ይወቅሳል።

ችግሩን የሚያብሰው ሌላ ልማድ አለ። ለሥልጠና ይሆናል ተብሎ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ሁለተኛ ተከላ ይደረጋል፤ ዳታቤዙም አንድ ይሆናል። ሁለተኛውም የራሱን 80 ቍልፍ ይጠይቃል፤ 80ና 80 ደግሞ 160 ነው፤ ዳታቤዙ የሚፈቅደው 100 ነው። ሠልጣኞቹ በበዙበት ሰዓት እውነተኛው ሥራ በሩ ላይ ይመለሳል። ስለዚህ ሦስቱ ቍጥሮች ተያይተው ሊወሰኑ እንጂ ለየብቻቸው ሊተዉ አይገባም።

ጠረጴዛው ማለት ጃቫ ለራሱ የሚይዘው ራም ነው። ካልተነገረው በቀር ከኮምፒዩተሩ ራም ከፍተኛውን አንድ አራተኛ ብቻ ይወስዳል፤ 16 ጊጋባይት በተገዛበት ኮምፒዩተር ላይ በ4 ይሠራል፤ የቀረው ገንዘብ የወጣበት ሆኖ ሳለ ለሰርቨሩ አይደርሰውም። አንዳንድ ባለሙያ ይህን አይቶ ሁሉንም ለጃቫ ይሰጠዋል፤ ይህም ስሕተት ነው። ዳታቤዙ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ከሆነ የራሱን ድርሻ ይፈልጋል፤ የኮምፒዩተሩም የበላይ ፕሮግራም እንዲሁ። ራም ባለቀ ጊዜ የበላዩ ፕሮግራም ብዙ የያዘውን መርጦ ይገድላል፤ ብዙ የያዘው ደግሞ ጃቫ ራሱ ነው።

ስለ ግድግዳው ሰዓት ትንሽ ሰፋ አድርገን እንናገር፤ ይህ የአገራችን የራሷ ጉዳይ ነውና። ብዙ ሰርቨር ሲተከል በዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ ይቆማል፤ የእኛ ሰዓት ከዚያ በሦስት ሰዓት ይቀድማል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ በእኛ ዘንድ ቀኑ ሲለወጥ በሰርቨሩ ዘንድ ገና ትናንት ነው። ተረኛዋ ነርስ ከሌሊቱ በ8 ሰዓት ያስገባችው መዝገብ ላይ ሰርቨሩ የሚያትመው ቀን የትናንቱ ይሆናል፤ ሌሊቱ የወሩ መለወጫ ከሆነ ደግሞ ያለፈው ወር። ስለዚህ የሰዓቱ ቀጠና የአዲስ አበባ ተብሎ በሰርቨሩም፥ በጃቫውም፥ በዳታቤዙም አንድ መሆን አለበት።

ቀኑ ብቻ አይደለም፤ ዘመኑም ይለያል። «ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2» ሲተከል የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቈጣጠር ነው። ነገር ግን በማስተካከያው ዝርዝር ውስጥ፥ ከታይላንድ፥ ከኔፓልና ከፋርስ ጋራ፥ የኢትዮጵያ ዘመን አቈጣጠርም ተቀምጧል። ይህ ካልተመረጠ በጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ የመስከረም የተባለው ቍጥር በኮምፒዩተሩ ላይ የሚገባበት ስፍራ አያገኝም፤ ጸሓፊው በሁለት የፈረንጅ ወሮች ላይ በግምት ይከፋፍለዋል፤ ጳጉሜንማ የሚያስጠጋት የለም። ደግሞም በአንድ ተከላ ላይ ሁለት ዘመን አቈጣጠር አይሠራም። ስለዚህ ምርጫው የመጀመሪያው ቍጥር ከመግባቱ በፊት ሊወሰን ይገባል። ይህን ማስተካከያ የጻፉት ሰዎች ያሉት በኦስሎ ነው፤ ጳጉሜንን አስበውልናል፤ የሚቀረው መምረጡ ነው።

ፊደልም ሊታይ ይገባል። በወለጋ ጽሕፈት ቤቶች አንድ ዶሴ በኦሮምኛ በቁቤ፥ ሌላው በአማርኛ በግእዝ ፊደል ይጻፋል፤ ሁለቱም በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ መኖር አለባቸው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ዳታቤዙ ሲፈጠር የፊደል አያያዙ «ዩ.ቲ.ኤፍ. 8» በሚባለው ካልተደረገ፥ የእናቲቱ ስም በጥያቄ ምልክቶች ተለውጦ ይቀራል፤ የተለወጠውም ተመልሶ ስም አይሆንም። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ የወጡት የጃቫ እትሞች ይህን አያያዝ ሳይነገራቸው ይይዛሉ፤ የቀድሞዎቹ ግን የኮምፒዩተሩን ልማድ ይከተላሉ። ሙከራው ቀላል ነው፤ «ጫልቱ» ብሎ በግእዝ ፊደል ጽፎ ማስገባት፥ ገጹን ዘግቶ መክፈት፥ ማንበብ።

መብራትና መስመር የሚቋረጡበት አገር መሆኑንም ማሰብ ያስፈልጋል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ዳታቤዙ አስቀድሞ፥ ቶምካት ተከትሎ፥ ማንም ሰው ሳይነካቸው በራሳቸው እንዲነሡ ትእዛዙ ይጻፍ። ስለ መስመሩም ቢሆን፥ ከ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ እስከ መጋቢት ወር ድረስ በምዕራብ ኦሮሚያ ብዙ ስፍራዎች የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ እንደ ነበረ የወለጋ ሰው አይዘነጋውም። «ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2» መስመር በሌለበት ጊዜ የተሞላውን ቅጽ በሠራተኛው ኮምፒዩተር አቆይቶ መስመሩ ሲመለስ ለመላክ ይችላል፤ ሠራተኛው ግን ይህን አውቆ፥ ሳይልክ የቀረውንም በወረቀት መያዝ አለበት።

ሰርቨሩ የዕለት ውሎውን የሚጽፍበት መዝገብ አለው። ቶምካት ይህን መዝገብ በአንድ ፋይል ላይ ሳያቋርጥ ይጽፋል፤ አሮጌውን እንዲጥል ካልታዘዘ ፋይሉ እያበጠ ዲስኩን ይሞላዋል፤ ዲስኩ በሞላ ጊዜ ዳታቤዙም ይቆማል። ራሱን ችሎ የሚኖረው ድመት መጨረሻው ይህ ነው።

እርማትም በየጊዜው ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ አገር የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ኢክዊፋክስ ከተባለው ድርጅት የተሰረቀው በአንድ የጃቫ ፕሮግራም ክፍል ጕድለት ነበር፤ እርማቱ ግን ሌቦቹ ከመግባታቸው ሁለት ወር ያህል አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻም «ሎግ ፎር ጄ» በተባለው፥ የጃቫ ፕሮግራሞች የውሎ መዝገብ በሚጽፉበት ክፍል ላይ የተገኘው ጕድለት ዓለምን አስጨንቋል። በርክክቡ ወረቀት ላይ እርማቱን ማን እንደሚከታተልና በስንት ቀን ውስጥ እንደሚያስገባ በስም ተጽፎ ሊገኝ ይገባዋል።

የቀረው መጠባበቂያው ቅጂ ነው። ዳታቤዙ በየሌሊቱ ይገለበጣል፤ ግልባጩም በዚያው ኮምፒዩተር ውስጥ ሳይሆን በሌላ ስፍራ ይቀመጣል፤ የማስተካከያው ፋይልም አብሮት። ከተቀመጠ በኋላ ተከፍቶ ያልታየ ግልባጭ ግን መኖሩ በወሬ ብቻ የሚታወቅ ነው።

ስለዚህ ፈራሚው በርክክቡ ዕለት ሁለት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፥ ገና ሥራ ላይ ካልዋለው ሰርቨር የኤሌክትሪኩን ገመድ ባለሙያው በፊቱ ይንቀል፤ መልሶ ይሰካ፤ ማንም ሳይነካው የመግቢያው ገጽ በስንት ደቂቃ እንደሚመለስ በሰዓት ይታይ። ሁለተኛ፥ የሙከራው ወር ሪፖርት ከገባ በኋላ የሌሊቱ ግልባጭ በሌላ ባዶ ኮምፒዩተር ላይ ተመልሶ ይዘርጋ። ከዚያም የዲጋ ወረዳ የአንድ ጤና ጣቢያ የወባ ቍጥር ከዚያ ኮምፒዩተር ይነበብ፤ የጤና ጣቢያው የወረቀት መዝገብም ይምጣና ጎን ለጎን ይታይ። ቍጥሮቹ ከተስማሙ ይፈረም።